የልውውጥ ተማሪ ቤታችሁ ልትገባ ነው? ከመቀበል እስከ መሸኘት

እንግዳ ማክበርን ማንም አያስተምረንም። አልጋ መልቀቅ፣ ዶሮ መሥራት፣ «አትነሺ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» ማለት አብሮን ያደገ ነው። ለሦስት ቀን ለመጣ ሰው ይህ ሁሉ ደስ ይላል። አንድ የትምህርት ዓመት ልትኖር ለመጣች የ17 ዓመት ልጅ ግን ሸክም ይሆንባታል፤ ሁለት ወር ሳይሞላ እሷም ትጨነቃለች፣ ቤተሰቡም ይዝላል። እኛ ቤትም ጎረቤት ቤትም ተማሪዎች ሲኖሩ አይቻለሁ፤ ደስ ብሏቸው የከረሙት ቶሎ የቤት ልጅ የሆኑት ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ ለዚሁ የታሰበ ነው። የጻፍኩት በተለይ አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ፣ ፒያሳና ለገሃር አካባቢ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ነው። «ልጅቷ» የምለው ለአጻጻፍ እንዲመቸኝ ነው፤ ወንድም ቢመጣ ያው ነው።

1. ከመምጣቷ በፊት፦ ቅጹና ደብዳቤው

ላኪው ድርጅት የሚልክላችሁ ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ ደግሞ ባልና ሚስት የምንጋራው ስም የለንም፤ ባል በአባቱ ስም፣ ሚስት በአባቷ ስም፣ ልጆች በአባታቸው ስም ይጠራሉ። ቅጹን የሚያነበው የውጭ ሰው አንድ ጣሪያ ሥር የማይዛመዱ ሰዎች ተሰብስበው የሚኖሩ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ በሁለት መስመር አስረዱት፦ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ስም የአባት ስም እንደሆነ። ይህን ሳታደርጉ ብትልኩት ደብዳቤው እየተመላለሰ ጊዜ ይበላል።

ቀጥሎ ለልጅቷ ራሷ ጻፉላት። ቤቱን አታሳምሩት። ስንት ሰው እንዳለ፣ ማን የት እንደሚተኛ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነና ሊፍት እንደሌለው፣ ግቢ ከሆነ ውሻ መኖሩን ንገሯት። የምትተኛበትን ክፍልና ሻወሩን እንዳለ ፎቶ አንስታችሁ ላኩላት። ቀድማ ያየችው ነገር ስትደርስ አያስደነግጣትም።

እናንተም ጠይቋት፦ የሚያማት ነገር አለ? የምትወስደው መድኃኒት? አለርጂ? ለውዝና ሰሊጥን ለይታችሁ አንሱ፤ ሰሊጥ ዳቦ ላይም ይኖራል። ስንዴ የማይስማማት ከሆነች ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ትበላለች፤ ጤፍ ግሉተን የለውም። ከሱቅ የሚገዛው እንጀራ ግን ስንዴ ወይም ገብስ ሊቀላቀልበት ስለሚችል ለእሷ ቤት መጋገር ነው።

ልብስን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ንገሯት፤ ሹራብና የዝናብ ጃኬት ትያዝ። አፍሪካ ሲባል ሙቀት ብቻ የሚታያቸው ብዙ ናቸው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የሐምሌና የነሐሴ ብርድ ምን እንደሚመስል እኛ እናውቃለን። የኤሌክትሪክ ኃይላችን 220 ቮልት ስለሆነ ከአውሮፓ የምታመጣው ቻርጀር ይሠራል፤ ከአሜሪካ የምታመጣው የፀጉር ማድረቂያ ግን ሊቃጠል ይችላልና ባታመጣው ይሻላል።

2. የመምጫዋ ሌሊት

ቲኬቷ ላይ ዓርብ 01፡30 ተብሎ ቢጻፍ የምትደርሰው መቼ ነው? በእኛ አነጋገር ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። የፈረንጆቹ ቀን በእኩለ ሌሊት ይቀየራል፤ እኛ ግን እስኪነጋ ድረስ ሐሙስ ሌሊት ነው የምንለው። ዓርብ ማታ አበባ ይዞ ቦሌ የሚሄድ ቤተሰብ ልጅቷን አንድ ቀን ሙሉ ያለ ሰው ያስቀራታል። ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር በወረቀት ጽፋችሁ ለቤቱ ሰው በሙሉ አሳዩ።

ለመቀበል ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይበቃል። አክስትና አጎት ሁሉ ተሰብስቦ መሄዱን ለእሑድ አቆዩት፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትበር ያደረች ልጅ ሃያ ሰው መሳም አትችልም። ቤት ስትደርስ መጸዳጃ ቤቱን፣ የመብራቱን ማብሪያና የምትጠጣውን ውሃ አሳይታችሁ አስተኟት። ለወላጆቿ «ደርሳለች» የሚል መልእክት በዚያው ሌሊት ይላክ።

3. የመጀመሪያው ሳምንት፦ ሰውነቷ ይልመድ

ከፍታው መጀመሪያ የሚያገኛት ነው። ራስ ምታት፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ማጠር፣ ሌሊት እንቅልፍ ማጣት ሊኖር ይችላል። ውሃ ብዙ ትጠጣ፣ ቀስ ብላ ትራመድ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ለሁለተኛው ሳምንት ይቆይ። ራስ ምታቱ ከባሰና ማስመለስ ከመጣ ሐኪም ቤት ውሰዷት።

የቧንቧ ውሃ አፍሉ። ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሆነ እኛ ከተማ ውስጥ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት። ጥርስ መፋቂያዋንም በዚሁ ውሃ ታርጥብ። ሰላጣ ለጊዜው ይቅር፤ የሚላጥ ፍራፍሬ ይበቃታል።

ምግብ በአልጫ ይጀመር። የምስር አልጫ፣ ነጭ ሽሮ፣ ድንች በካሮት፣ ፓስታ፣ ዳቦ በሻይ። በርበሬው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨመር። ክትፎን ጥሬ አታቅርቡላት፤ ኮሶ የሚይዘው ከጥሬ ሥጋ ነው፤ ለብለብም አደጋውን አያጠፋውም፤ በደንብ የበሰለውን ስጧት። ሆዷ ቢበላሽ ከባድ ነገር እንዲያው ለማጽናናት ብላችሁ አታስበሏት። ስኳርና ጨው ያለበትን፣ በውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ዱቄት ከፋርማሲ ገዝታችሁ አስቀድማችሁ ያዙ።

የወባ ነገር ወላጆቿን ያስጨንቃቸዋል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚከላከል አጎበር አያስፈልግም። ወደ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ወይም አፋር ይዛችኋት ከሄዳችሁ ግን አስቀድማ ሐኪም ታማክር። ውሻ ከነከሳት ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጤና ተቋም አድርሷት፤ «ውሻው የጎረቤት ነው፣ ምንም የለውም» ብሎ ማሳደር አይገባም። አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፤ እነዚህ ቁጥሮች ስልኳ ላይ ይመዝገቡ።

4. ሥራ ስጧት

ይህን ደረጃ ብዙ ቤተሰብ ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የማየው ይህንን ነው። ሰው የቤት ልጅ የሚሆነው ቤቱ ውስጥ የእሱ የሆነ ሥራ ሲኖረው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ቋሚ ነገር ስጧት፤ እራት ከተበላ በኋላ ሳህን ማጠብ፣ ዳቦ መግዛት፣ የእሑድ ቡና ማፍላት። ሠራተኛ ያለበት ቤት ከሆነ ልጅቷ አልጋዋን ራሷ ታንጥፍ፣ የውስጥ ልብሷን ራሷ ትጠብ። ሠራተኛዋንም ከቤቱ ሰው እኩል በስሟ ትጥራት።

ቡናውን እንዴት እንደምታስለምዷት ልንገራችሁ። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ሙሉውን ዝም ብላ ትይ። በሚቀጥለው እሑድ ማጠቡን ብቻ ስጧት፤ ቡናውን በውሃ እያሸች ገለባው እስኪለቅ። ከዚያ መቁላቱን። ብረት ምጣዱን እየነቀነቀች ቡናው ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሲሆን፣ መንጣጣት ሲጀምርና ሲወዛ፣ መቼ እንደሚወርድ በዓይኗና በአፍንጫዋ ትያዘው። ጭሱን ለየሰዉ ዞራ እንድታስሸት አድርጉ፤ ያኔ አፍራ የነበረች ልጅ ሁሉ ትስቃለች። መውቀጡ ላይ ትደክማለች፣ ተውአት ትድከም። ጀበናው ሲገነፍል ማውረዱንና አተላው እስኪወርድ ማስቀመጡን ከለመደች በኋላ የመጨረሻው መቅዳት ነው፤ ጀበናውን ከሲኒው ከፍ አድርጋ፣ ሳታቋርጥ ከአንዱ ሲኒ ወደ ሌላው። ረከቦቱ ላይ ይፈስሳል፤ ማንም «ስጪኝ እኔ ልቅዳ» አይበላት። አቦል፣ ቶናና በረካ ድረስ ተቀምጣ የቀዳች ቀን ጎረቤት ሲመጣ «የማን ልጅ ናት?» ተብሎ ሲጠየቅ «የእኛ» ማለት ትችላላችሁ።

ምን ብላ እንደምትጠራችሁም ቶሎ ወስኑ። «ወይዘሮ» ለጽሕፈት ቤት ነው። «እማዬ» የሚከብዳት ልጅ አለች፤ የራሷ እናት አላትና አይፈረድባትም። ያኔ እትዬና ጋሼ ጥሩ ናቸው። እናንተም በስሟ ጥሯት። የሰፈር ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ሲሉ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከእሷ ጋር ሆናችሁ ስሟን ንገሯቸው፤ ልጆች ስም ካወቁ በስም ይጣራሉ።

5. የውሃ፣ የመብራትና የበር ሕግ

በአንድ ባልዲና በአንድ ጆግ መታጠብን አስተምሯት፦ መጀመሪያ ራስን ማርጠብ፣ ውሃውን መተው፣ ሳሙና፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች ማፍሰስ። የታጠበችበትን ውሃ መጸዳጃ ላይ እንደምንደፋው አሳዩአት። ሮቶ ያለው ቤት ከሆነ መጠኑን የምታይበትን ቦታ ጠቁሟት። ቦይለሩ መቼ እንደሚበራና ወዲያው መጥፋት እንዳለበት ማብሪያው አጠገብ ጻፉ።

ክፍሏን ዘግታ መቀመጧ ኩርፊያ አይደለም። እነሱ ዘንድ ልጅ ክፍሉን ዘግቶ ያነባል፣ ያርፋል። እኛ ዘንድ ደግሞ የተዘጋ በር ሲታይ «ምን ሆና ነው?» ይባላል። ስምምነት አድርጉ፤ ከትምህርት ስትመለስ ለአንድ ሰዓት በሩ ይዘጋ፣ ማንም አያንኳኳ፤ ከእራት በኋላ ግን ሳሎን ከሁላችሁ ጋር ትቀመጥ። በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ቁልፍ ይኑረው። ፎቶዋን ቲክቶክም ሆነ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ጠይቋት፤ ልጆቻችሁንም በዚህ አስጠንቅቁ።

6. ሰዓትና ቀን

ግድግዳ ላይ በእኛ አቆጣጠር የሚሠራ ሰዓት ስቀሉ። ቤት ውስጥ የሚነገር ሰዓት ሁሉ የእኛ ይሁን፤ ስልኳ ላይ ያለው የእሷ ነው። ስድስት መቀነስ ወይም መደመር በሳምንት ትለምደዋለች። ከውጭ ሰው ጋር ስትቀጣጠር ግን «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብላ መጠየቅ አትርሳ።

ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን የሚያሳየውን የግድግዳ ካላንደር ክፍሏ ውስጥ ስቀሉላት። የሐኪም ቀጠሮ ካርድ በእኛ ቀን ይጻፋል፣ ቪዛዋ ግን በእነሱ ነው። ቪዛው የሚያበቃበትን ቀን በቀይ አክብቡት፤ ማራዘሚያው ከዚያ ቀደም ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ቀኑ ካለፈ ቅጣት ያስከፍላል። የፓስፖርቷና የኢንሹራንሷ ኮፒ እናንተ ዘንድ ይቀመጥ፣ ዋናው እሷ ዘንድ።

7. ብቻዋን መውጣት

በሦስት ጊዜ ይከፈል። መጀመሪያ አብራችኋት ውጡ። ቀጥሎ እሷ ትምራ፣ እናንተ ከኋላ ተከተሉ፤ ብትሳሳትም ቶሎ አታርሟት። ከዚያ ብቻዋን ትሂድ። በሚኒባስ ታክሲ ረዳቱ «ፒያሳ፣ ፒያሳ» ሲል ጆሮዋ እንዲለምድ፣ ዝርዝር ብር ይዛ እንድትገባና ለመውረድ «ወራጅ አለ!» ብላ እንድትጮህ አለማምዷት። ይህን ቃል መጀመሪያ ጊዜ የጮኸች ቀን ደስታዋን ታያላችሁ። ስልኳን ታክሲ ተራ ላይ በእጇ አትያዝ፤ መሐል ከተማ ውስጥ በብዛት የሚጠፋው እሱ ነው።

እኛ የምንሄደው በምልክት ነው፤ የመንገድ ስም ማንም አይጠቀምም። ፒያሳና ካዛንቺስ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መልካቸው ስለተለወጠ የፈረሰ ካፌ ምልክት አድርጋችሁ አትስጧት። የአራት ኪሎ ሐውልት፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ ስታዲየም የማይጠፉ ምልክቶች ናቸው። የቤታችሁን አቅጣጫ በአማርኛ ጽፋችሁ ቦርሳዋ ውስጥ አድርጉላት፤ ብትጠፋ ለፖሊስ ወይም ለባለሱቅ ታሳያለች።

የሚሄድባቸው ቦታዎች በእግር ቅርብ ናቸው። ብሔራዊ ሙዚየም፣ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ የምትታይበት፤ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም፤ ለጥናት ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት።

የመመለሻ ሰዓትን ምክንያቱን ነግራችሁ ወስኑ። እዚህ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓትና በ1 ሰዓት መካከል ገደማ ይመሻል። እሷ ከኖርዌይ ወይም ከጀርመን ከመጣች በእነሱ በጋ እስከ ማታ 3 ሰዓትና ከዚያም በላይ ብርሃን ለምዳለች፤ «ገና ሳይመሽ ግቢ ይሉኛል» ብላ የምትከፋው በዚህ ነው።

8. ገበታ፣ ጾምና ለቅሶ

በቀኝ እጅ መብላት፣ ከራስ ፊት መቁረስ፣ እጅ ሲያስታጥቡ መጠበቅ በአንድ ቀን ይለመዳል። የሚከብደው ጉርሻ ነው። «አንድ ያጣላል» ብለን ሁለተኛውን እናጎርሳለን፤ አያት ካለች ሦስተኛው አይቀርም። ልጅቷን «በቃኝ» ማለት አስተምሯት፣ ቤተሰቡ ደግሞ «በቃኝ» ስትል «በሞቴ» ሳይል መስማት ይልመድ። እውነቴን ነው፣ ከሁለቱ የሚከብደው የእኛ ነው።

ጾም የሚጾም ቤት ከሆነ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ምን እንደምትበላ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሥጋ የማትበላ ልጅ ከሆነች ይህ ወቅት ለእሷ በረከት ነው። የምትበላ ከሆነች እንቁላሏ በራሷ መጥበሻ ይጠበስ፣ ማንም ፊቱን አያጥቁርባት። የሙስሊም ቤት ከሆነም በረመዳን ያው ነው፤ ለአፍጥር አብራ ትቀመጥ። እንድትጾም ወይም እንድትሳለም መገፋፋት ነውር መሆኑን ለዘመድ ሁሉ አስረዱ።

ጥምቀትን ጃንሜዳ፣ በመስቀል ዋዜማ ደመራን መስቀል አደባባይ ስትወስዷት የመገናኛ ቦታ ቀጥራችሁ ግቡ፤ በዚያ ቀን ስልክ አይሰማም። ጎረቤት ሰው ሲሞትም ድንኳኑን ከመስኮት እያየች አትቅር። ነጠላ አልብሳችሁ ይዛችኋት ግቡ፣ ትንሽ ተቀምጣ ትውጣ። አብራን ለቅሶ የደረሰች ልጅን ሰፈሩ በሌላ ዓይን ነው የሚያያት።

9. ገንዘብና ውለታ

ትራንስፖርቷን፣ ልብሷንና ካርዷን ማን እንደሚከፍል ላኪው ድርጅት በጽሑፍ ይናገር። ለቤቱ ወጪ ከእሷ አትበደሩ፣ አንድ ቀንም ቢሆን። ዘመድና ጎረቤት «ቪዛ ትላክልኝ፣ ስፖንሰር ትሁነኝ» እንዳይላት እናንተ በሩ ላይ አስቁሙ። ልጅ ናት፤ እንቢ ማለት ያስጨንቃታል፣ እሺ ብትልም አቅሙ የላትም። በዚህ ጉዳይ ይሉኝታ አይያዛችሁ።

10. የከፋው ወር

ካሌርቮ ኦበርግ የተባለው አንትሮፖሎጂስት በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አዲስ አገር የገባ ሰው መጀመሪያ ሁሉ ነገር አምሮት እንደሚሰነብትና ከዚያ መበሳጨት እንደሚመጣ ጽፏል፤ ከምልክቶቹም መካከል እጅ አብዝቶ መታጠብን፣ ስለ ውሃና ምግብ ከልክ በላይ መጨነቅን ቆጥሯል። ስለዚህ በሦስተኛው ወር ላይ በድንገት እንጀራ አልፈልግም ብትል፣ ሲኒውን ደጋግማ ብታጥብ፣ ንቀት አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ናፍቆት ነው።

ያኔ ምን ይደረጋል? የለመደችውን አንድ ምግብ ራሷ ትሥራላችሁ፣ እናንተም ብሉላት። ከወላጆቿ ጋር የምታወራበት ቀን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ይሁን፤ በየሰዓቱ ከሆነ ልቧ እዚያው ይቀራል። አማርኛዋ የቆመ ከመሰላችሁ ጥፋቱ የልጆቻችሁ እንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል፤ እራት ላይ አማርኛ ብቻ ይወራ። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንት ካጣች፣ ወይም ማንም ሰው ያስፈራት መሆኑን ከነገረቻችሁ፣ ነገሩን ቤት ውስጥ ለመሸፈን ሳትሞክሩ ለድርጅቱ አስተባባሪ ወዲያው ደውሉ።

11. ስትሄድ

ሻንጣዋን ከሁለት ቀን በፊት መዝኑት። በርበሬና ሽሮ ሁሉም ዘመድ ይዞ ይመጣል፤ ክብደቱ ካለፈ ቦሌ ላይ ተከፍቶ የሚጣለው እሱ ነው፤ ስለዚህ ምን እንደሚሄድ እሷ ትምረጥ፣ የቀረው ለዘመዱ በምስጋና ይመለስ። የመሸኛውን ቡና ከጉዞዋ ቀን በፊት አድርጉት፤ የበረራዋን ቀን አሁንም ከሌሊቱ አቆጣጠር ጋር አስተያዩት። ሲም ካርዱ በእናንተ ስም የወጣ ከሆነ ከስልኳ አውጥታ ትስጣችሁ፤ ቴሌብር ተመዝግቦበት ከነበረም ቀሪ ሂሳቡን አውጥታችሁላት አካውንቱን አዘጉት።